ጃንጥላ የሌለው ሰው

የተመረቅሁ ዕለት፣ በሮሳሪዮ ወበቅ፣ በፋኩልቲው በራፍ፣
ጓደኞቼ ዕንቁላል ናዱብኝ፣ ዱቄት ከአናቴ እስከ ጫፍ፤
የእኛ አገር ምርቃት እንዲህ ነው፤ ካባና ቆብ አናውቅም፣
ጥሬ ኬክ ሳይመስል ከዚያ በር የሚወጣ ምሩቅ የለም።

አባቴ ኦስማር፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ከጥግ ቆሞ አየኝና፣
"ዶክተር ልበልሽ እንግዲህ?" አለ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና።
"ሐኪም እኮ አይደለሁም።"
"ታዲያ ምንድን ነሽ?"
አስኳሉ በቅንድቤ ወረደ። መልስ አልነበረኝም።

አጎቴ ሩበን እሑድ እሑድ፣ ሥጋው ፍም ላይ ሳለ ይቀልዳል፦
"በዚህ ከተማ ድንጋይ ብወረውር የሥነ ልቦና ምሩቅ ይመታል፤
እሱም ደሙን እየጠረገ 'ስትወረውር ምን ተሰማህ?' ይለኛል።"

ቢሮ ልክፈት? ኪራዩስ። ወህኒ ቤት? የሁለት ዓመት ወረፋ።
ማስታወቂያ ድርጅት ገባሁ፤ ሳሙናው እናት እናት እንዲሸት ስለፋ፣
በአሥረኛው ቀን እናቴን ሳቅፍ ሳሙናው ሸተተኝ ካንገቷ።
አልተመለስኩም።
ስልክ ኩባንያ ቀጠረኝ፤ በሰዓት ስንቴ "ይገባኛል" እንዳልኩ
የሚቆጥር መሣሪያ ነበር። ሺህ ሳልሞላ ለቀቅኩ።

ከዚያ መጋዘኑ። ሥራዬ ሥራ ፈላጊን መመርመር፤
አንድ ነጭ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ የማይለወጥ ነገር፦
"ዝናብ የሚዘንብበት ሰው ሣል።"
ዝናቡ መከራ ነው፣ ጃንጥላው መከታ፤ መመሪያው እንዲህ ይላል።
ጃንጥላ ከሌለ፦ "ለጭንቀት የተጋለጠ።" ወደ ግራው ክምር ይሄዳል።
ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በር ላይ ወረፋ ሲይዙ
"ጃንጥላውን እንዳትረሳ!" ይባባላሉ እየተሳሳቁ።
በአንድ ጧት ሠላሳ ጃንጥላ እሰበስባለሁ።
ሁሉም ደረቅ።

ማክሰኞ ኤቫሪስቶ መጣ፤ ሃምሳ አራት ዓመቱ፣ ሌሊት ዘብ ሊሆን፣
ጉልበቱ ላይ ደፋው፣ በሁለት እጁ ያዘው፣ ባርኔጣውን።
እርሳሱን እንደ መሮ ጨበጠ። ቆየ። ከንፈሩን ነከሰ።
ከዚያ አንድ ሰው ሣለ፤ እግሩ ሰፋ፣ ደረቱ ተገልጦ፣
አፉ ተከፍቶ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ።
ዝናቡን ጠብታ በጠብታ፣ እንደ ዘር ቆጥሮ አወረደው።
ጃንጥላ የለም።

ደንቡ አትጠይቂ ይላል። ጠየቅኩ።

"ልጄ" አለኝ፣ ሞኝ እንዳየ ሰው ዝግ ብሎ፣
"በእኛ ሠፈር፣ ሳንቲያጎ ዴል ኤስቴሮ፣ ሰማዩ መዳብ መስሎ
ሦስት ዓመት ዝም አለ። ለላሞቹ ቁልቋል ቆረጥን፣
እሾሁን በእሳት ለብልበን።
አንድ ሌሊት ቆርቆሮው ኳ አለ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።
ሚስቴ በሌሊት ልብሷ ወጣች፣ ጎረቤቱ ወጣ፣ ቄሱ ባዶ እግሩን።
ያን ሌሊት ጃንጥላ የዘረጋ ቢኖር፣
በድንጋይ እንወግረው ነበር።"

"ተስማሚ" ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው መስመር፦ "ዝናብ ያውቃል።"
አለቃዬ ሎርና በቀይ ሰረዘችው፤ ቀለሙ እስከ ጀርባው ዘልቋል።

በዚያው ቀን ለቀቅኩ ብል ደስ ባለኝ።
ኪራይ ነበረብኝ። አምስት ወር ቆየሁ።

አሁን የሠፈር ጤና ጣቢያ ውስጥ ነኝ፤ ደመወዙ ያነሰ፣
ሁለት ወንበር አለኝ፤ የአንዱ እግር ያጠረ፣ ሰው ባለቀሰ
ቁጥር የሚወዛወዝ።
አባቴ ትናንት ማታ መጣ፤ ካሮጌ ጎማ ቁራጭ ቆርጦ
ከእግሩ ሥር ቸነከረና፣ ሊሞክረው ተቀመጠ፣ ተመቻችቶ።
ወንበሩ ጸና። እሱ ግን አልተነሳም።
እጁን ያየዋል። በመስኮቱ ላይ ዝናብ ጀመረ።
ምንድን ነሽ አላለኝም።

ደንቡ ዘመድሽን አትቀበዪ ይላል።
በሩን ገርበብ አደረግሁት።